እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችልኝ ጠርሙስ ከሐኪሙ ኪኒን ጋር ይስማማል?

የዘጌ ጀልባ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የባሕር ዳር ሰው ነኝ፤ 41 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ጀልባ መንዳት ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን የሚሳለም ሰው ጭኜ ዘጌ አደርሳለሁ። ጎብኚ ከቀነሰ ወዲህ ግን በሳምንት አንድ ቀን ሞተር ካስነሣሁ ተመስገን ነው። ሌላውን ቀን ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ እምቦጭ ስፈታ እውላለሁ፤ አንዱ ክንፉ ደግሞ ተሸራርፏል።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ምግብ አፈር አፈር ይለኛል፣ ልጅ ሆኜ አጥንቱን ሳይቀር የምግጠው የቆሮሶ ጥብስ እንኳ። ባለቤቴ «ከእኛ ጋር ተቀምጠህ የለህም» ብላ ስታለቅስ ሆስፒታል ሄድኩ። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠየቀችኝና ድባቴ ነው አለችኝ። ፍሎክሰቲን 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ፣ ታዘዘልኝ። ይኸው ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። እንቅልፌ ትንሽ ተሻሽሏል። ነገር ግን ሆዴን ያቅለሸልሸኛል፤ ከባለቤቴ ጋር ያለው ነገርም ቀዝቅዟል፤ የገባው ይገባዋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ታላቅ እህቴ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝ እርሷ ናት፤ የጀልባውን ሞተር የገዛችልኝም እርሷ። ባለፈው ሳምንት በሰው እጅ ሁለት ጠርሙስ ላከችልኝ፦ «ፋይቭ ኤችቲፒ 100 ሚሊ ግራም» እና «ኤል-ታይሮሲን 500 ሚሊ ግራም»። በስልክ «የሐኪሙን ተወው፣ እርሱ ኬሚካል ነው። ይህ አሚኖ አሲድ ነው፣ ከምግብ የሚገኝ» አለችኝ። እምቢ ልላት አልቻልኩም።

ፍሎክሰቲኑን ትቼ ይህን ልጀምር? ወይስ ሁለቱንም ልውሰድ? ከምግብ የሚገኝ ከሆነስ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ዓሣ እየበላሁ ለምን አላገኘሁትም? የመጨረሻው የሞኝ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ይቅር በሉኝ።

ከመደርደሪያው ጀርባ፦

ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና ጠርሙሱን መልሰህ ክደነው። ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህን ጥያቄ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማለሁ፤ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ግን ከጀመሩ በኋላ ነው።

ፋይቭ ኤችቲፒ ሰውነታችን ሴሮቶኒን የሚባለውን፣ በአንጎል ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል ለመሥራት የሚጠቀምበት የመጨረሻው ጥሬ ዕቃ ነው። ፍሎክሰቲን ደግሞ የተለቀቀው ሴሮቶኒን ቶሎ ተመልሶ እንዳይሰበሰብ ይከለክላል። አንዱ ውኃ ይጨምራል፣ ሌላው መፍሰሻውን ይደፍናል። ሲደራረቡ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ተቅማጥ ይመጣል፣ ሰው ይቃዣል፤ ሲከፋ ሰውነት እንደ እሳት ግሎ ለሞት ያደርሳል። ለሁሉም ሰው ይደርሳል አልልህም። የደረሰበት ሰው ግን ቦታው ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ትቼ ልጀምር» ያልከውም አያድንህም። ፍሎክሰቲን ዛሬ ብታቆመው ነገ ከሰውነትህ አይወጣም፤ አምስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። በዚያ ላይ ስድስተኛው ሳምንት ላይ መተው ማለት ኪኒኑ ሥራውን ማሳየት ሲጀምር ማባረር ነው።

ለማቅለሽለሹ፣ ኪኒኑን ጠዋት ከቁርስ በኋላ ውሰደው፤ ማታ ከሆነ እንቅልፍም ይነሣል። የመኝታ ቤቱን ነገር ለነርሷ ንገራት። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ራሱ ሊቀየር ይችላል። ወንዶች ይህን እያፈሩ ዝም ብለው ኪኒን ይጥላሉ፣ እኔ በዚህ ነው የምናደደው።

ተመላሽ፦

ሰውን አታስፈራሩት። እኔ ካናዳ ሳለሁ ፋይቭ ኤችቲፒ ለሦስት ወር ወስጃለሁ፤ እንቅልፌ ተስተካክሎልኛል፣ ቀን ቀንም ቀሎኛል። ምንጩ በምዕራብ አፍሪካ የሚበቅል የግሪፎኒያ ተክል ዘር ነው፤ መርዝ አይደለም። እርግጥ ሌላ መድኃኒት አልወስድም ነበር፤ በዚያው ሰሞን ሥራም አግኝቼ ነበር። እህቱ ክፉ አላሰበችም ለማለት ነው።

ፔዳ አካባቢ፦

እህቱ ክፉ አሰበች ያለ ማንም የለም። ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ እኔን የሳበኝ የዓሣው ጥያቄ ነው፤ የሞኝ ጥያቄም አይደለም።

የሴሮቶኒን መነሻ ትሪፕቶፋን ይባላል፤ ሰውነት መጀመሪያ ወደ ፋይቭ ኤችቲፒ፣ ከዚያ ወደ ሴሮቶኒን ይለውጠዋል። ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ከማይችሉ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) አንዱ ነው፤ ከምግብ ብቻ ይገኛል፤ ቆሮሶም አምባዛም ሽሮም አላቸው። ችግሩ ከደም ወደ አንጎል ሲሻገር ነው። ወደ ዘጌ የሚሄድ አንድ ጀልባ ብቻ አለ እንበል፤ ወደቡ ላይ ሌሎች አሚኖ አሲዶች በብዛት ተሰልፈዋል፣ ትሪፕቶፋን ግን ጥቂት ነው። ዓሣ ስትበላ ትሪፕቶፋኑም ተፎካካሪዎቹም አብረው ይጨምራሉ፤ ወረፋው ያው ነው። ፋይቭ ኤችቲፒ ይህን ወረፋ ስለማይጠብቅ ነው ሰዎች ተስፋ የጣሉበት።

ማስረጃው ግን ስስ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በትሪፕቶፋንና በፋይቭ ኤችቲፒ ላይ የተሠሩ 108 ሙከራዎችን ሰብስበው ነበር። በጥራት ያለፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ታካሚዎቹ በድምሩ 64። በሁለቱ ሙከራዎች ማሟያዎቹ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን የተሻለ ውጤት አሳይተዋል፤ ግን በ64 ሰው ምን ይባላል? ታይሮሲን ከዚህም ያነሰ ነው፤ የዶፓሚን (ሌላው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል) ጥሬ ዕቃ መሆኑ እውነት ነው፣ ድባቴ ማዳኑ ግን አልታየም። ደግሞም ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

«ተፈጥሯዊ» ለሚለው ቃል ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ትሪፕቶፋን የወሰዱ ከ1,500 በላይ ሰዎች በከባድ የጡንቻ ሕመም ወደቁ፤ ከ30 በላይ ሞቱ። ጣቱ የተቀሰረው አንድ የጃፓን ፋብሪካ ባመረተው ላይ ነበር። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ማሟያ ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱን እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍና ውስጡ ያለው ዱቄት አንድ መሆናቸውን አንተም እኔም አናውቅም።

የመርከብ ማዶ እናት፦

ልጄ፣ ጠበል እየተጠመቅሁ ኪኒኔንም ውጬ ነው የዳንኩት፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። ሞት ሞት የሚልህ ቀን ከመጣ ግን እዚህ አትጻፍ፤ ባለቤትህን ቀስቅሰህ ያንኑ ሌሊት ሆስፒታል ሂድ። ለእህትህ እውነቱን ንገራት። ያሳደገች ሴት በእውነት አትቀየምም፣ በመደበቅ ነው የምትቀየመው።

የዘጌ ጀልባ (ጠያቂ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ነርሷ አየቻቸውና «ጀምረሃል?» አለችኝ፤ አልጀመርኩም ስላት ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ኪኒኑን ወደ ጠዋት አዛወረችልኝ፤ ያንን ያፈርኩበትንም ነገርኳት፤ ሳትስቅ ጻፈችው። ሁለት ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ።

ለእህቴ ትናንት ማታ ደወልኩ። ሁሉንም እንደነገራችሁኝ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላ «ታዲያ ምን ልላክልህ?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ፕሮፔለር አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ልኩን በሜትር ለክቼ በፎቶ ልኬላታለሁ።