የእህቴ ልጅ ከእስር ወጥቷል፤ ሆምቦይ ኢንዱስትሪስ ይሆነዋል ትላላችሁ?

ጥያቄ፦ አክስት ከሎስ አንጀለስ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት የኖራችሁና ጉዳዩን በቅርብ የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን እንዳትነፍጉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የእህቴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ከእናቱ ጋር በዲቪ ወደዚህ አገር መጥቶ፣ በጉርምስናው ወራት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጋንግ (የወሮበሎች ቡድን) ውስጥ ገብቶ፣ በኋላም በዘረፋ ተፈርዶበት በካሊፎርኒያ ግዛት እስር ቤት ለዓመታት ከቆየ በኋላ ባለፈው ወር በአመክሮ ተፈትቷል። አሁን ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። የእናቱ ሰፈር የቀድሞ ጓደኞቹ የሚውሉበት ስለሆነ፣ እኔና እህቴ ተመካክረን እኔ ዘንድ እንዲኖር አድርገናል።

ልጁ ሥራ ለመያዝ ልባዊ ፍላጎት አለው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው እስር ቤት ውስጥ ነው። ሆኖም አንገቱና የእጁ ጀርባ ላይ የጋንግ ንቅሳት አለበት፤ በደመወዝ ተቀጥሮ የሠራበት አንድም ቀን የለም። የአመክሮ ኃላፊው ከእስርና ከጋንግ ሕይወት ለወጡ ሰዎች ሥራና ሥልጠና ስለሚሰጠው፣ ቻይናታውን ስለሚገኘው ሆምቦይ ኢንዱስትሪስ ስለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነግሮታል፤ እርሱ ግን «ከዚያ ሕይወት ለመሸሽ እየታገልኩ የጋንግ ሰዎች ወደተሰበሰቡበት ቤት በእግሬ ልሂድ?» እያለ ያመነታል። አጎቱ ደግሞ ሥልጠና የሚባለው ጊዜ ማባከን ስለሆነ ዛሬውኑ መጋዘን ገብቶ የሌሊት ፈረቃ ይሥራ ባይ ነው። እንዲህ ያለው የበጎ አድራጎት ሥልጠና በእርግጥ ሰው ያቋቁማል ወይስ ስሙ ብቻ ነው የገነነው? የልጁስ ስጋት ተገቢ ነው?

መልስ፦ የቀድሞ ኬዝ ማኔጀር

እህቴ፣ ከእስር የወጡ ሰዎችን በሚረዳ ሌላ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ሆምቦይን የማውቀው እንደ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ለማስተዋወቅም ሆነ ለማጣጣል የሚያነሣሣኝ ጥቅም የለም።

ከልጁ ስጋት ልጀምር። ድርጅቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 በቦይል ሃይትስ ሰፈር ነው፤ በዚያን ጊዜ የዶሎሬስ ሚሽን ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ግሬጎሪ ቦይል ከምእመናኑ ጋር ሆነው ለሰፈሩ ወጣቶች ሥራ ማፈላለግ ጀመሩ። ቀጣሪ ሲጠፋም በ1992 የራሳቸውን ዳቦ ቤት ከፈቱ። ይህ ዳቦ ቤት ከመነሻው የተለየ የሆነው፣ መንገድ ላይ ቢገናኙ ይታኮሱ የነበሩ የባላንጣ ጋንግ አባላትን በአንድ የሊጥ ገበታ ዙሪያ ጎን ለጎን ማቆሙ ነው። ስለዚህ ልጁ እንደ አደጋ ያየው ነገር እዚያ ቤት የሥልጠናው እምብርት ነው ማለት ይቻላል። በጋንግ ውስጥ ያደገ ሰው ጠላቱን በስምና በፊት ሳይሆን በሰፈርና በምልክት ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ «ጠላት» ጋር ለወራት ዳቦ ሲጋግር፣ ስለ ልጆቹና ስለ እናቱ ሲሰማ ከርሞ የድሮውን ጥላቻ ይዞ መቀጠል ከባድ ይሆንበታል። በእኔ ልምድ ይበልጥ የሚያሰጋው ሥልጠናው የሚሰጥበት ቤት ሳይሆን ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድና ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለው ባዶ ጊዜ ነው። የትኛውን አውቶቡስ እንደሚይዝና በየትኛው ሰፈር ማለፍ እንደሌለበት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በተጨማሪም በአንዳንድ ሰዎች የአመክሮ ግዴታ ላይ ከጋንግ አባላት ጋር መገናኘት የተከለከለ መሆኑ ስለሚጻፍ፣ የአመክሮ ኃላፊው በቃል የነገረውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥለት ይጠይቅ።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ሥልጠናው አሥራ ስምንት ወር ያህል ይፈጃል። ሠልጣኙ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ነገር ግን ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ከአደንዛዥ ዕፅ ነጻ ስለመሆኑም ይመረመራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጽዳት ሲሆን ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ፣ ወደ ካፌው፣ ቲሸርት ወደሚታተምበት ክፍል ወይም አሮጌ ኮምፒውተሮች ተፈታትተው መልሰው ጥቅም ላይ ወደሚውሉበት ክፍል ይመደባል። ከቀኑ የተወሰነው ክፍል ለምክር አገልግሎት፣ ለትምህርት፣ ንዴትን ለመቆጣጠርና ለወላጅነት ትምህርት ይውላል። አጎቱ «ጊዜ ማባከን» ያሉት ይህን ከሆነ አልስማማም። ድርጅቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥይትን የሚያቆመው ሥራ ነው በሚል መፈክር ይታወቅ ነበር፤ አባ ቦይል ራሳቸው ግን ከጊዜ በኋላ ሥራ ብቻውን እንደማይበቃ፣ የተጎዳው ሰው አስቀድሞ መፈወስ እንዳለበት በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ጥሩ ደመወዝ ያገኘ ሰው አለቃው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገረው ሥራውን ጥሎ የሚወጣው ስንፍና ኖሮበት አይደለም፤ እስር ቤት ውስጥ በዚያ ድምፅ የሚናገር ሰው ሊያጠቃው የመጣ መሆኑን ስለተማረ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ፣ እንዲህ ካሉ ድርጅቶች መካከል በጥንቃቄ ከተጠኑት አንዱ ሴንተር ፎር ኢምፕሎይመንት ኦፖርቹኒቲስ የተባለው መነሻው ኒውዮርክ የሆነ ድርጅት ነው፤ እርሱ ለተፈቺዎች ወዲያውኑ የአጭር ጊዜ ሥራ ሰጥቶ ክፍያቸውን በየዕለቱ ይሰጣቸዋል። ኤም.ዲ.አር.ሲ. የተባለው የጥናት ተቋም ተመዝጋቢዎቹን ይህ ሥራ የሚሰጣቸውና የማይሰጣቸው ብሎ በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለሦስት ዓመት ተከታትሏቸው ነበር። ሥራው የተሰጣቸው ሰዎች በመደበኛው የሥራ ገበያ የመቀጠር ዕድላቸው ብዙም አልተለወጠም። በአንጻሩ ተመልሶ ወንጀል ውስጥ የመግባቱ ነገር ቀንሷል፤ ይህ መቀነስ ጎልቶ የታየውም በተፈቱ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ በመጡት ላይ ነበር። የእርስዎ ልጅ አሁን ያለው በዚያ የሦስት ወር መስኮት ውስጥ ነውና እያመነታ ብዙ አይቆይ።

ድርጅቱ እንከን የለውም አልልም። ዳቦውና ካፌው ወጪውን ስለማይሸፍኑ ሕልውናው በአብዛኛው በልገሳ ላይ የቆመ ነው፤ በ2010 ገንዘብ አጥሮት አብዛኞቹን ሠራተኞች ለማሰናበት ተገድዶ ነበር። ዛሬ ስሙ የገነነ ቢሆንም (በ2020 የሒልተንን የሰብአዊነት ሽልማት አግኝቷል፤ አባ ቦይልም በ2024 ከፕሬዚዳንት ባይደን የነጻነት ሜዳሊያ ተሸልመዋል) የሚመጣው ሰው ከቦታው ስለሚበልጥ ወረፋ ሊያጋጥመው ይችላል። ሠልጣኝ ሆኖ እስኪመደብ ድረስ ግን ንቅሳት ማስነሣትንና የሕግ ምክርን የመሳሰሉትን አገልግሎቶች መጠየቅ ይችላል። የግንባታ ሙያ የሚስበው ከሆነ አንታይ ሪሲዲቪዝም ኮአሊሽን የተባለው ድርጅት ሰዎችን ለሠራተኛ ማኅበራት የልምምድ ሥልጠና ስለሚያዘጋጅ እርሱንም ይጠይቅ።

መልስ፦ ባለ ምግብ ቤቱ

ከላይ የተጻፈውን አክብሬ፣ በቀጣሪ ዓይን አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። በፌርፋክስ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ፤ ከእስር የወጡ ሰዎችን ቀጥሬ አውቃለሁ። አንዱ ዛሬ ወጥ ቤቴን የሚመራው እርሱ ነው፤ ሌላው አልሆነለትም። አሥራ ስምንት ወር ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል የሚለውን አልቀበልም። ማደሪያና የሚጠብቀው ቤተሰብ ያለው፣ ዕፅ የማይወስድ ልጅ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ከመደበኛ ሥራ ጋር ሊላመድ ይችላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እኛ ሐበሾች ለአዲስ ሰው ሥራ የምናፈላልግባቸው መንገዶች ለዚህ ልጅ የተዘጉ መሆናቸው ነው። እኛ የምናውቀው ታክሲና ኡበር፣ የአየር ማረፊያ ሥራ፣ የአረጋውያን እንክብካቤና የነርስ ረዳትነት ነው። እነዚህ ሁሉ የጣት አሻራ ወይም ጥብቅ የወንጀል መዝገብ ምርመራ ይጠይቃሉ፤ የቅርብ ጊዜ የዘረፋ ፍርድ ደግሞ በቀላሉ አያሳልፍም። ዘመድ በደግነት ወደነዚህ እየወሰደው በየቦታው ሲመለስ ልጁ ተስፋ ይቆርጣል። ወጥ ቤት፣ መጋዘን፣ ግንባታ፣ የቤት ዕቃ ማጓጓዝ፣ የሶላር ፓነል ገጠማ ይሻሉታል።

ሕጉንም ይወቅ። ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ በካሊፎርኒያ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ፣ ሕግ ራሱ ምርመራ ከሚያስገድድባቸው ሥራዎች በስተቀር፣ ሥራውን በቅድመ ሁኔታ እሰጥሃለሁ ሳይል ስለ ጥፋተኝነት ፍርድ መጠየቅ አይችልም። ከዚያ በኋላ በመዝገቡ ምክንያት ሊከለክለው ቢፈልግ እንኳን በጽሑፍ አሳውቆ መልስ የሚሰጥበት ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ሊሰጠው ይገባል። ቀጣሪው «ቢሰርቀኝስ?» ብሎ የሚፈራ ከሆነ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ የፌደራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሚያቀርበው የታማኝነት ዋስትና አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት አምስት ሺህ ዶላር ድረስ የሚሸፍን ሲሆን ቀጣሪውንም ሠራተኛውንም ምንም አያስከፍልም። የእኛ ነጋዴዎች ይህን አለማወቃቸው ያሳዝነኛል። ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «እንዲህ ያለ ዋስትና አለኝ» ቢል ብዙዎቻችን ደግመን እናስብ ነበር።

ጠያቂዋ፦ አክስት ከሎስ አንጀለስ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ አመክሮው ግዴታ ዛሬውኑ አስጠይቃለሁ። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ ልጁ አሁንም በግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ካርዱም ጊዜው አልፎበታል። እህቴ ግን እርሱ አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው ዜግነት ወስዳለች። ሥልጠናውን ለመጀመር ካርዱን ማሳደስ አለብን?

መልስ፦ የሕግ ረዳት

እባክዎን ምንም ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። እኔ በኢሚግሬሽን ቢሮ የምሠራ ረዳት እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን የጻፉት ነገር ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ሊለውጠው ይችላል። ከየካቲት 27 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ከሆነና ልጁ በዚያ ወላጅ ሕጋዊና በተጨባጭ አሳዳጊነት ሥር እዚሁ አገር ይኖር ከነበረ፣ ምንም ማመልከቻ ሳያስገባ በራሱ በሕጉ ዜጋ ይሆናል። ልጅዎ ይህን ካሟላ ላለፉት ዓመታት ሳያውቀው አሜሪካዊ ዜጋ ነበር ማለት ነው። የሚቀረው ማስረጃ ማውጣት ይሆናል። ለዚህም የእናቱ የዜግነት ምስክር ወረቀት፣ የእርሱ የልደት ማስረጃና በዚያን ጊዜ አብረው ይኖሩ እንደነበር የሚያሳዩ የትምህርት ቤት ወረቀቶች ያስፈልጋሉ።

ካላሟላ ግን ነገሩ አደገኛ ነው፤ የዘረፋ ፍርድ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ሊያስወጣው ስለሚችል፣ ካርድ ለማሳደስ አሻራ መስጠት ራሱ መዝገቡን ያስከፍታል። ከአገር መውጣትም ጨርሶ አይታሰብ። በነገራችን ላይ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት መዝገብ ማሰረዝ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅማል፤ በፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ዘንድ ግን በአብዛኛው እንደ መሰረዝ አይቆጠርም። ብዙ ወገኖቻችን «መዝገቤ ተሰርዟል» ብለው ተማምነው ተጎድተዋል። አስቀድማችሁ የወንጀልንም የኢሚግሬሽንንም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።

መልስ፦ በዚያ መንገድ ያለፈ

እናቴ (እንዲህ ብዬ ልጥራዎትና)፣ እኔም የሐበሻ ልጅ ነኝ፤ ታስሬ ወጥቻለሁ፤ ሆምቦይ ባይሆንም እንዲህ ባለ ሥልጠና አልፌ ዛሬ በኤሌክትሪክ ሙያ እሠራለሁ። ባለ ምግብ ቤቱ ጋሼ ቤተሰብ ያለው ልጅ ቶሎ ይላመዳል ብለዋል። ከእርሳቸው የምለየው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቤ ይወደኝ ነበር፤ ነገር ግን ለዘመድ ሁሉ «ሌላ ስቴት ትምህርት ላይ ነበር» ብለው ስለነገሩ፣ በየድግሱ ያልተማርኩትን ትምህርት ስጠየቅ የምመልሰው እያጣሁ ከሰው መሸሽ ጀመርኩ። በሥልጠናው ቦታ እንድቆይ ያደረገኝ ዋናው ነገር መዋሸት የማያስፈልገኝ ብቸኛው ስፍራ መሆኑ ነበር። ለሁሉም ሰው ይንገሩ አልልም፤ ስለ እርሱ የሚነገረውን ግን ልጁ ራሱ ይወስን።

ስለ ንቅሳቱ፦ በሆምቦይ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በሌዘር በነጻ ያነሣሉ። በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ በሳምንታት ልዩነት እየተመላለሱ መደጋገም ይጠይቃል፣ ያማልም። ስለዚህ የሥልጠናውን ቦታ ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ ይመዝገብ፤ በአንገቱና በእጁ ይጀምር፤ በልብስ የሚሸፈነው ሌላው ይቆይለታል።

የመጀመሪያ ቀን መታወቂያውን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱንና የተፈታበትን ወረቀት ይዞ ይሂድ። ከሜትሮ ቻይናታውን ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ማለዳ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው የሚሰበሰብበት ስብሰባ አለ፤ በዚያ ሰዓት ደርሶ ከኋላ ቆሞ ያዳምጥ፣ ያን ቀን መመዝገብ አይጠበቅበትም። እርስዎም ቢሸኙት ጣቢያው ድረስ ይሁን። በሩን ብቻውን ቢያልፍ ይሻላል።