ለሰሜን ሸዋ መንገድ ርካሽ ሞተር ለምትፈልጉ

ሰሞኑን ከመንዝም፣ ከመርሐቤቴም፣ ከአንኮበርም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደረሰኝ ነው። «ብሬ ትንሽ ነው። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም የሚችል ሞተር እፈልጋለሁ። የቱን ልግዛ?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ነጋዴዎችም አሉበት። ለሁላችሁም ባንድ ላይ ልመልስ።

ነገሩን ሳላንዛዛ፣ እጃችሁ አጠር ያለ ከሆነ ባጃጅ ቦክሰር 150 ግዙና ጎማውን ቀይሩ። ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ ሆንዳ ኤክስ አር 150 ኤል ይሻላችኋል። ያገለገለ ያማሃ ዲቲ አግኝታችሁ ልባችሁ የከጀለ ደግሞ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ከታች ያለውን አንብቡ።

እኔ ሞተር የምመርጠው በመልኩ አይደለም። ሲበላሽ ማን ይሠራዋል፣ ዕቃው የት ይገኛል ብዬ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ቆሞ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚጠብቅ ሞተር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለደመወዝተኛ ዕዳ ነው።

መጀመሪያ አገሩን እንየው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ 1,300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ነው። እንግዲህ ሻጩ «12 የፈረስ ጉልበት አለው» ያላችሁ ሞተር፣ ጣርማ በር ላይ ስምንት ተኩል ቢቀረው ነው። በዚያ ላይ ሰው ከኋላ ጭናችሁ፣ ማዳበሪያ ወይም የክትባት ሳጥን አስራችሁ አስቡት። 100 እና 110 ሲሲ የሆኑትን ከመጀመሪያውም ከሐሳባችሁ ብታወጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ለሮቢትና ለአጣዬ ሜዳ ይበቃሉ። ለመንዝ ዳገት አይበቁም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ሮቢት ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ጣርማ በር ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሞተሩን ከቆላ ገዝታችሁ ደጋ የምትኖሩ ከሆነ፣ መካኒኩ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ቁራጭ በአነስተኛ ቁጥር እንዲቀይርላችሁ ንገሩት። ርካሽ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳያደርግ «ሞተሩ ሰነፍ ነው» ብሎ ይሸጠዋል።

አሁን ወደ ቦክሰር። ቦክሰር ለጭቃና ለድንጋይ ተብሎ የተሠራ ሞተር አይደለም። ሁለቱም ጎማዎቹ ባለ 17 ኢንች ናቸው። ሾኩ አጭር ነው፣ ሆዱም ለመሬት ቀረብ ይላል። ታዲያ ለምን አስቀደምኩት? በየወረዳው ከተማ ስላለ ነው። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ ብትሉ ዕቃው አለ። የማይፈታው መካኒክም የለም። ቤንዚንም አይበላም። በሊትር 40 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ታንከሩም 11 ሊትር ይይዛል። ነዳጅ በሃይላንድ ተቀድቶ በሚሸጥበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (የሃይላንድ ቤንዚን ስትገዙ በጨርቅ አጥልሉት። የነዳጅ ፊልትሮም አስገጥሙ። ካርቡሬተር የሚደፍነው ያ ቆሻሻ ነው።)

ቦክሰሩን ለአገራችን ለማብቃት ሦስት ነገር አድርጉለት። አንደኛው ጎማው ነው። አብሮት የሚመጣው የአስፋልት ጎማ ክረምት ላይ አይረባም። ጥርሱ ጠለቅ ያለ ባለ 17 ጎማ አስገጥሙ። ከፊትም ከኋላም ለመቀየር ብር ካልበቃችሁ የኋላውን አስቀድሙ። ከፋብሪካው እንዲህ ዓይነት ጎማ ይዞ የሚመጣ «ኤክስ» የሚባል ቦክሰርም ስላለ፣ ካገኛችሁት ከዚህ ወጪ ትድናላችሁ።

ሁለተኛው የካቴናው ጥርስ ነው። ካቴናው የሚዞርበትን የፊተኛውን ጥርሳም ብረት አንድ ጥርስ ባነሰው ቀይሩት። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ገደማ እንደመጨመር ይቆጠራል። አስፋልት ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ግን ሌላ ሞተር የገዛችሁ ይመስላችኋል። ጭነት ለሚያበዛ ሰው ከዚህ የበለጠ በትንሽ ብር የሚገኝ ጥቅም አላየሁም።

ሦስተኛው የፊት ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ነው። እነዋሪ ወይም ጅሁር በክረምት የሄደ ሰው የምለው ይገባዋል። መረሬው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይመጣና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል። የፊት ጎማው መዞሩን ያቆማል። ወርዳችሁ በእንጨት እየጎረጎራችሁ ታወጣላችሁ፣ ሃምሳ ሜትር ትሄዱና እንደገና ትቆማላችሁ። ፓራፋንጎውን ከፍ አድርጎ መበየድ፣ ወይም ክረምቱን አውልቆ ማስቀመጥ ነው መፍትሔው። ኤክስ አርና ዲቲ ከፋብሪካው ፓራፋንጓቸው ከፍ ብሎ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ኤክስ አር 150 ኤል ካነሳን ዘንድ፣ ብሩ ካላችሁ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። 149 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተር ያለው ቀላል ሞተር ነው። የፊት ጎማው ባለ 19፣ የኋላው ባለ 17 ነው። የኋላ ጎማ ቢያልቅባችሁ ከቦክሰር ሱቅ ተቀራራቢ ልክ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ይህን ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው። በቁልፍም በእግርም ይነሳል። በእግር መነሳቱን ንቄ እንዳላልፈው፣ ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ባትሪ ጠዋት ጠዋት እጅ ይሰጣል። በእግር የማይነሳ ሞተር ለደጋ ሰው አልመክርም።

ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ጥሩ ሞተር ነው፣ ጠንካራም ነው። ብቻችሁን ለምትነዱ ይሁን እላለሁ። ሰው የምትጭኑ ከሆነ ጣርማ በር ላይ ያቃስትባችኋል። የፊት ጎማው ባለ 21፣ የኋላው ባለ 18 ስለሆነ ጎማውን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ተዘጋጁ።

የቻይና ባለ 200 ሲሲዎቹን በተመለከተ ሰው ሲቆጣ አያለሁ። እኔ ሞተራቸውን አልንቀውም። ብዙዎቹ የተቀዱት ሆንዳ በፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጥገና ለማይገኝበት አገር ብሎ ከሠራው ሲጂ ከሚባለው ሞተር ነው። ቀላል ነው፣ ይታገሣል። ችግሩ ሞተሩን የተሸከመው ነገር ነው። ኩሽኔታው ቶሎ ይላላል፣ የቸርኬው ሽቦ ይረግባል፣ ብየዳው ይሰነጠቃል። ደግሞ ስሙ በየጊዜው ይቀያየራል። ዘንድሮ በአንድ ስም የገዛችሁት ሞተር ከሁለት ዓመት በኋላ ፕላስቲኩን የሚያውቅ ሱቅ አይኖርም። በከተማችሁ ውስጥ ያው ሞተር ዓመት አልፎት ሲሠራ ካያችሁና መካኒካችሁ «አውቀዋለሁ» ካላችሁ ግዙ። አለበለዚያ ይቅርባችሁ።

ዲቲ። ይህን ሞተር የማይወድ የለም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች ለዓመታት ገጠሩን የዞሩበት ነው። ዛሬ በጨረታ እየወጣ በርካሽ ይሸጣል። ዳገት ይወጣል፣ ጭቃ ያልፋል። ነገር ግን ቱ ስትሮክ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፣ ቤንዚንም ከቦክሰር ይልቅ በደንብ ይበላል። ርካሽ የገዛችሁትን በየወሩ ትከፍሉበታላችሁ።

ከዚህም በላይ የኛ ቁልቁለት አለ። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት የሚያገኘው ቤንዚን ስትሰጡት ነው። ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ቤንዚን ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ከወረዳችሁ፣ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። ፒስተኑ የሚነክሰው (ግሎ የሚጣበቀው) እንዲህ ሲሆን ነው። በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ቤንዚን ሰጥ አድርጉት። በማርሽ የመያዝ ጉልበቱም ደካማ ስለሆነ ፍሬናችሁ ላይ ትወድቃላችሁ። የቦክሰር ነጂዎች ግን ይህ ስጋት የለባችሁም። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው መንገዱን ሳያጋምስ የሸራው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የፍሬኑ እጀታ እየላላ ይመጣል። በዚያ ጉም ውስጥ ደግሞ ከፊት ኤፍኤስአር የጭነት መኪና አለ።

ያገለገለ ለምትገዙ፣ የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ ጠዋት ሂዱ። ሻጩ ከመምጣታችሁ በፊት እንዳያስነሳው ንገሩት። ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደበቅ ነገር አለ። ከዚያ የኋላውን የካቴና ጥርስ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ጥርሱ ወደ አንድ ጎን ተቆልምሞ ከሾለ አልቋል። ካቴናውን ከጥርሱ ጫፍ ላይ በሁለት ጣት ወደ ኋላ ሳቡት። ተነስቶ የጥርሱን ግማሽ ካሳያችሁ ካቴናውም ጥርሱም ይቀየራል፣ ያንን ከዋጋው አስቀንሱ። የቸርኬውን ሽቦዎች በመፍቻ አንድ በአንድ እየነካካችሁ ስሙ። የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ይደነቁራል። መቀመጫውን አስነስታችሁ ሻንሲው ላይ አዲስ ብየዳ ካለ ፈልጉ። ዲቲ ከሆነ የዘይት ፓምፑ መኖሩን እዩ። ብዙ ቦታ ተነቅሎ ዘይት በእጅ ይቀላቀላል። እንደዚያ ከሆነ የቀድሞው ነጂ ስንቴ ረስቶት እንደነዳው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ጋር አስተያዩ። በተለይ ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከጨረታ የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ሳታረጋግጡ ብር አታስተላልፉ። ደላላ «ስም ዝውውሩን በኋላ እንጨርሳለን» ካለ ተነስታችሁ ሂዱ። ሞተር በሰዓት የሚገደብበት ጊዜም ስላለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳችሁን ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

መካኒክን በተመለከተ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ዘይት፣ ካቴናና ፍሬን እዚያው በወረዳችሁ ይሠራ። የወረዳ መካኒኮቻችን ቦክሰር ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ዋጋቸውም ይሻላል። ሞተር የሚፈታ ሥራ ከሆነ፣ ማለትም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ቫልቭ ወይም ማርሽ ሳጥን፣ ወደ ደብረ ብርሃን አምጡት። ለሆንዳና ለያማሃ ዕቃ መርካቶ መሄድ ግድ ነው። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ከአዲስ አበባ የሚመላለስ የምታውቁትን ሾፌር ላኩበት። ፎቶ ብቻ ከላካችሁ ያልሆነ ልክ ሊመጣባችሁ ይችላል።

አንዲት እህቴ ከሞላሌ «ቁመቴ አጭር ነው፣ እግሬ መሬት ካልደረሰ እፈራለሁ» ብላኛለች። እውነትሽን ነው፣ ጭቃ ላይ እግር መሬት መድረስ አለበት። የኤክስ ቲ ዜድ መቀመጫ 84 ሳንቲ ሜትር፣ የኤክስ አር 82.5 ነው። ቦክሰር ከሁለቱም ዝቅ ይላል። ላንቺ ያለ ጥርጥር ቦክሰር ነው። የመቀመጫውን ስፖንጅ ጎንና ጎኑን ብታስቀንሺው ደግሞ እግርሽ የበለጠ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ኤሌክትሪክ ሞተርስ ላላችሁኝ፣ ለደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ይሆናል። ብርድና ዳገት ባትሪን ስለሚጨርሱት ለመንዝ ገና ነው።

ከሞተሩ ዋጋ ላይ ለሄልሜት፣ ለጓንት፣ ለትርፍ ከመነዳሪና ለእጅ ፓምፕ የሚሆን አስቀሩ። ገጠር መንገድ ላይ ጎሚስታ እንደልብ አይገኝም። የካቴናውን ሽፋን ደግሞ ማንም «ይከብዳል» ብሎ እንዳያስወልቃችሁ። ከኋላ የሚቀመጡት እናቶቻችን ነጠላ ለብሰው፣ አባቶቻችን ጋቢ ተከናንበው ነው። ጫፉ ካቴና ወይም ሽቦ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ጎትቶ ነው የሚጥለው። ከመነሳታችሁ በፊት ወርዳችሁ ጫፉን ከሥራቸው አስገብታችሁ አስቀምጧቸው። አባባ ቢቆጡም አስገቡት።