ጅብ ለልጅ መጫወቻ ይሆናል ወይ? የሰፈራችን ክርክር

የብሎክ 7 እናት፦
እሁድ ስብሰባ ላይ የተባለው እስካሁን አልወጣልኝም። በብሎኮቹ መሀል ባለው የጋራ ቦታ ላይ የልጆች መጫወቻ ይሠራ ተባለ፤ ሁላችንም ተስማማን። መንሸራተቻውና መወጣጫው በአገራችን እንስሳት ቅርጽ ይሁን ተባለ፦ ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጅብ። እዚህ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ጅብ ለልጅ ማስፈራሪያ እንጂ መጫወቻ አይሆንም» አሉ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። እኔ በጣም ነው ያናደደኝ። ልጆቻችን በየመዝናኛው የፕላስቲክ ዳክዬና ዳይኖሰር ላይ ይንጠላጠላሉ፤ ማንም ምንም አይልም። በየተረታችን ውስጥ ያለው እንስሳ ሲመጣ ነው የምንደነግጠው?

ጋሽ ታ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። እኔ ገጠር ነው ያደግኩት። ጅብ የጎረቤታችንን አህያ ከነነፍሷ ሲዘነጥላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ስንወጣ ሰኮናዋና ደሟ ብቻ ነበር የቀረው። ከተማ ያደገ ሰው ጅብ ቢያምረው አይገርመኝም፤ አያውቀውም። እዚህም ቢሆን የካ ተራራ ሥር ያሉትን ጠይቁ፤ ሌሊት ምን እንደሚሰሙ ይነግሯችኋል።

የጁገል ልጅ፦
ጋሽዬ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ማስፈራሪያ ያሉት እንስሳ ሐረር ላይ ማታ ማታ የድሮውን ከተማ በከበበው በጁገል ግንብ ቀዳዳ ገብቶ፣ የቀረውን ሥጋና አጥንት ለቅሞ ይወጣል። ቀዳዳው ለእሱ ተብሎ ነው የተተወው። ወራባ እንለዋለን። በዓሹራ ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅቤ ፈሶበት ይቀርብለታል፤ ደህና አድርጎ ከበላ ዓመቱ ጥሩ ይሆናል ይባላል። ልጅ ሆኜ አጭር እንጨት ጫፍ ላይ ሥጋ አንጠልጥዬ አብልቼዋለሁ። ቀርቦ ሲመነጭቀው እንጨቱ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ጣቶቼ ላይ ይሰማኛል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እኮ ይህ ኑሮ አብሮ አለ። እና የእኛ ቅርስ እዚህ ሲደርስ ማስፈራሪያ ይሆናል?

ሳሚ፦
ወንድሜ፣ ሐረር ሐረር ነው፤ ይህ አዲስ አበባ ነው። የእናንተ ጅብ ለምዷችኋል፣ የእኛ አልለመደንም። የአገር እንስሳ ካላችሁ አንበሳ አለላችሁ።

የብሎክ 7 እናት፦
አንበሳስ ሰው አይበላም? ማስፈራሪያ ማለት ሰው የሚበላ ከሆነ፣ ከተማችን በአንበሳ ተሞልታለች። ለገሃር አለ፣ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት አለ፣ አውቶቡሱ ላይ ሳይቀር አለ። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ድረስ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄደው ሲያገሳ እንዲሰሙ ነው። «ልጄን አስፈራብኝ» ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ጋሽ ታ፦
አንበሳ ክብር ነው፣ ልጄ። ለ1923ቱ የኃይለ ሥላሴ ንግሥ የቆመውን የለገሃሩን አንበሳ ጣልያን ነቅሎ ሮም ድረስ የወሰደው ክብራችን መሆኑን ስላወቀ ነው። ከስንት ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። የጅብ ሐውልት ማን ይነቅልብሻል?

የጁገል ልጅ፦
ክብርን ጣልያን በነቀለውና ባልነቀለው አንለካም።

የደባርቁ፦
ሁላችሁም ጅብና አንበሳ ላይ ተጣብቃችሁ ዋልያን ረሳችሁት። በዓለም ላይ ከስሜን ተራራ ሌላ የትም የለም። የቀረው ጥቂት መቶ ነው። ፓርኩ ራሱ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. አደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበር። የእኔ ልጅ ዋልያ ሲባል የሚያውቀው የብሔራዊ ቡድኑን ማልያ ብቻ ነው። ቀይ ቀበሮም ያው ነው፤ አዋቂዎቹ ሁሉ ቢቆጠሩ 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ ባሌ ላይ። ልጅ የጨበጠውን ነገር አይረሳም። ቀንዱን ይዞ ይውጣ፣ ስሙን ይወቅ።

ኢንጂነሯ፦
እኔ ግንባታ ላይ ነው የምሠራው። ከምንም በላይ መሬቱ ያሳስበኛል። ከሥር ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ዋልያም ይሁን አንበሳ ልጅ ይጎዳል። ትንሽ ልጅ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ነው የሚቀድመው። ወፍራም የአሸዋ ወይም የጎማ ንጣፍ ያስፈልጋል። መንሸራተቻው ብረት ከሆነ ደግሞ ወደ ምዕራብ አይዙር፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ቂጣቸውን ይጠብሰዋል። ፋይበርግላስም ሲሰነጠቅ ጠርዙ ይቆርጣል፤ በየጊዜው የሚያይ ሰው ይመደብ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅብ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ ነው። ልጁ በትከሻው በኩል ወጥቶ በጀርባው ይንሸራተታል። ለመንሸራተቻ ከእሱ የተሻለ ቅርጽ የለም። አንበሳ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላ ነገር መቀጠል ሊኖርብን ነው።

ጋሽ ታ፦
«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» የተባለው በዚሁ አቋሙ ነው። አንቺ መንሸራተቻ አደረግሽው።

ሳሚ፦
ጋሽ ታ ልክ ናቸው። አሁን ደግሞ ለዚህ መዋጮ ልትሉን ነው።

ከቨርጂኒያ፦
ቤቴን ባከራየውም የድርሻዬን እከፍላለሁ። ግን አገር በቀል እንስሳ ይሁን። እዚህ ልጆቼን ይዤ ስወጣ መናፈሻው ሁሉ በራሳቸው አገር ድብና በራሳቸው አገር ኤሊ ነው። እኛ ምን አነሰን?

ሳሚ፦
አንተ እዚያ ሆነህ ልጆችህ እዚህ አይጫወቱም። የሊፍቱን መዋጮ ስንጠይቅህ የት ነበርክ?

ከቨርጂኒያ፦
ከፍያለሁ። ደረሰኙን ልላክልህ? ቤቱ ውስጥ ያለችው ተከራዬ ደግሞ ሁለት ልጆች አሏት። እነሱስ ልጆች አይደሉም?

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦
ዝም ልል ነበር። ይህች «ማስፈራሪያ» የምትለው ነገር ግን አላስቻለችኝም። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበር። ገበያ ላይ ድስቷን የሚገዟት ሰዎች ልጃቸውን ካየችባቸው ፊቱን በነጠላ ይሸፍኑታል። በድስቷ ወጥ ይሠራሉ፣ ዓይኗን ይፈራሉ። እኔንም ትምህርት ቤት «የጅብ ልጅ» ብለውኛል። ስለዚህ ጅብ ማስፈራሪያ ሲባል እኔ የምሰማው እናንተ የምትሰሙትን አይደለም። ጅብ ላይ ልጆች ተቀምጠው ሲስቁ ማየት እፈልጋለሁ። የእኔም ልጅ አብራ እንድትስቅ እፈልጋለሁ።

ጋሽ ታ፦
ልጄ፣ እኔ ይህን አላልኩም። በእናትሽ ላይ የተደረገው ነውር ነው። እኔ የተናገርኩት ስለ እንስሳው ነው።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦
አውቃለሁ አባቴ፤ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ስለ እንስሳው ብቻ ተብሎ አያውቅም።

የብሎክ 7 እናት፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ማስፈራሪያ ያደረግነው እኛ ነን። ልጅ አልተኛም ሲል «ጅቡ መጣልህ»፣ አልበላም ሲል «ጅቡ ይበላልሃል»። የእኔዋ አራት ዓመቷ ነው፣ መብራት ሳይበራ ሽንት ቤት አትሄድም። ጅብ አይታ አታውቅም። የፈራችው እኛን ሰምታ ነው።

ጋሽ ታ፦
የሚፈራ ልጅ ይጠነቀቃል። ጅብን አሻንጉሊት አድርጎ ያደገ ልጅ ገጠር ሄዶ ቢያገኘውስ? ሊያቅፈው ነው?

የጁገል ልጅ፦
ሐረር ላይ እኮ ልጆች አያቅፉትም፣ ጋሽዬ። መንገድ ይለቁለታል። ስለሚያውቁት ነው። መፍራትና ማወቅ ይለያያል።

የደባርቁ፦
እና ዋልያው ምን ተወሰነ? ሁለት ቀን ስለ ጅብ ብቻ ነው የተጻፈው።

ኢንጂነሯ፦
ቅዳሜ የአራቱንም ንድፍ ይዤ እመጣለሁ። ከአሸዋው ላይ ግን ማንም እንዳይቀንስ። ገንዘቡ ካነሰ አንድ እንስሳ ይቀነስ።

ጋሽ ታ፦
የሚቀነሰው ይታወቃል። ድምፅ ሲሰጥ እኔ ለጅብ እጄን አላነሳም።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ፦
እኔ አነሳለሁ።

ሳሚ፦
ከድምፁ በፊት ቦታው ላይ የቆሙት መኪናዎች ይነሡ። የብሎክ 9 ፒክአፕ ከፋሲካ ጀምሮ እዚያው ናት። የማን ናት?