እናቴን ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳት፤ እናንተ ምን አደረጋችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። በሳምንት 3 ጊዜ መታጠብ ነበረባት። አቅማችን የቻለው ግን 2 ጊዜ ብቻ ነው።

እጥበቱንስ ለመድነው። ያቃተን ማሳከኩ ነው። ሲመሽ ይብስባታል። ጀርባዋንና ክንዷን እስኪደማ ድረስ ታክካለች። ቫዝሊን ቀባናት፣ ሳሙና ቀየርን፣ ለብ ባለ ውኃ አጠብናት። ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አይዘልቅም። ፎስፌት የሚባል ከምግብ የሚገኝ ማዕድን ደም ውስጥ ሲከማች ማሳከክ ሊያባብስ እንደሚችል ተነገረን። ፎስፌቱን የሚይዘው ክኒን ደግሞ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ አይሠራም። እኔ ለወራት በባዶ ሆዷ ስሰጣት ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለማሳከኩ ጋባፔንቲን የሚባል መድኃኒት በትንሽ መጠን፣ ከእጥበት በኋላ እንደሚሰጥ አነበብኩ። ቤታችሁ የወሰደው ሰው አለ? አላንገዳገደውም? ቀን ቀን እንቅልፍ አላበዛበትም? ሐኪሟን ሳገኝ ምን ምን ልጠይቅ?

ሌላው ጭንቀቴ ጾሙ ነው። የንስሐ አባቷ እንዳትጾም ፈቅደውላታል፤ እሷ ግን እምቢ አለች። ድንቹን ከትፌ እዘፈዝፋለሁ፣ ውኃውን ደፍቼ በሌላ ውኃ እቀቅላለሁ። ኩላሊቷ በደንብ የማያስወጣው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን እንዲቀንስ ነው። ለሽሮና ለምስሩ ግን ዘዴ የለኝም። እናንተ በቀን ስንት ጭልፋ ትሰጣላችሁ? ጥማቱንስ በምን ታስታግሱላቸዋላችሁ? የቡናዋን ሲኒ እንኳ በቀን ከተፈቀደላት የውኃ ልክ እየቀነስኩባት ነው።

እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ አብሬያት ነቅቻለሁ።