መካኒካል ወይስ ማኑፋክቸሪንግ? እጄ ግን አልታዘዝ ብሎኛል

ግራ_የገባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መካኒካል ወይ ማኑፋክቸሪንግ ብለን መምረጥ አለብን፣ እኔ ግን ፎርሙን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ሒሳብ አያስቸግረኝም። ቴርሞዳይናሚክስን እንደውም ወድጄው ነው የተማርኩት፣ ስታቲክስም አሪፍ ውጤት አለኝ። ችግሬ እጄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው የብረት ዘንግ እንድናወጣ ታዘዝን። ከ50 እንዳይበልጥ፣ ከ49.975 እንዳያንስ ነው ቶለራንሱ። ፈራ ተባ እያልኩ አወጣሁት፣ ከማሽኑ ሳልፈታው ወዲያው በማይክሮሜትር ስለካው 49.99። ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አነሳሁት። በማግስቱ ጠዋት አስተማሪው ሲለካው 49.97 ሆኖ ቁጭ አለ። ወደቀ። «አንቺ መለኪያ መያዝም አትችይም» ተባልኩ፣ ክፍሉም ሳቀ።

ጓደኞቼ «ማኑፋክቸሪንግ ማለት ወርክሾፕ ነው፣ ሒሳብ የከበደው ነው የሚገባበት» ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ «መካኒካል ወረቀት ላይ ያስቀርሻል» ይለኛል። ማንን ልስማ? እንደኔ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ማኑፋክቸሪንግ ቢገባ ይዘልቃል? ትንሽ ከፍቶኛልና በደግ መልሱልኝ።

ኩሽኔታ፦

እህቴ፣ እኔ መካኒካል ተመርቄ ማሽን ዲዛይን ላይ ነው የምሠራው። ልዩነቱ እንደኔ እንዲህ ነው። መካኒካሉ «ይሸከማል ወይ? ስንት ድረስ ይሞቃል? ይንቀጠቀጣል ወይ?» ይላል። ማኑፋክቸሪንጉ ደግሞ «እሺ፣ በምን እንሥራው? አሥር ሺህ ብንሠራ አሥር ሺሁም አንድ ዓይነት ይወጣል?» ይላል። መጀመሪያ ላይ ብዙው ኮርስ የጋራ ነው። ኋላ ላይ ነው አንዱ ወደ ሙቀት ዝውውር፣ ወደ ፍሉይድና ወደ ንዝረት፣ ሌላው ወደ ካስቲንግ (ብረት አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ)፣ ብየዳ፣ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን)፣ ጥራት ቁጥጥርና የምርት ዕቅድ የሚሄደው።

ግን ተለያይተው የሚኖሩ እንዳይመስልሽ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የአልሙኒየም ክፍል ዲዛይን አደረግኩ፣ መሐሉ ላይ ጠለቅ ያለ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለው፣ የውስጥ ማዕዘኖቹ እንደ ሳጥን ስል ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያምራል። ፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ላይ የሚሠራው ሰውዬ ድሮዊንጉን አየት አደረገና «መቁረጫዬ ክብ ሆኖ ነው የሚዞረው፣ ይቺን ማዕዘን በጥፍርህ ልትጨርሳት ነው?» አለኝ። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። 10 ሚሊሜትር መቁረጫ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ራዲየስ ማዕዘኑ ላይ ይተዋል፣ አለቀ። «ታዲያ ቀጭን መቁረጫ ተጠቀም» አልኩት፣ ሁለተኛ ስህተት። ቀጭንና ረጅም መቁረጫ ይጎብጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግድግዳውን ያበላሸዋል። በአንድ ጫፉ የተያዘ ዘንግ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ኃይል መጉበጡ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ይህንን ፎርሙላ ለፈተና ሸምድጄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበት ነበር እኮ! የገባኝ ግን የዛን ቀን ነው።

ማይክሮን፦

እኔ በግልጽ ልናገር። መካኒካል ግቢ። ሰፊ ነው። ከመካኒካል ወጥቶ ፋብሪካ ውስጥ ምርት ላይ መሥራት ቀላል ነው፣ ከማኑፋክቸሪንግ ተነስቶ ሞተር ወይ ተርባይን ዲዛይን ልግባ ያለ ሰው ግን ብዙ ያልተማረው ነገር ይጠብቀዋል። ደግሞ ቴርሞ የምትወድ ልጅ የመጋዘን ስሌትና የምርት ሰሌዳ ሲሰጧት ማዛጋቷ አይቀርም። ይቅርታ፣ እኔ አዛግቻለሁ። ማኑፋክቸሪንግ ነው የተመረቅኩት።

የፈረቃ_ኃላፊ፦

ማይክሮን ሰፊ ነው ያልከው ልክ ነው። ማዛጋቱ የራስህ ነው።

«ሒሳብ የከበደው ነው የሚገባበት» የሚለው ግን ያናድደኛል። ፍሬዴሪክ ቴይለር የሚባል ሰው ለዓመታት ብረት ሲያስቆርጥ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1907 አንድ ቀመር አሳተመ። የመቁረጫ ፍጥነትና የመቁረጫው ዕድሜ በፓወር ነው የሚያያዙት። ተራ ሃይ ስፒድ ስቲል መቁረጫ ላይ የፓወሩ ቁጥር 0.125 ማለትም አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው፣ ይህ ማለት ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብቻ ብትጨምሪ የመቁረጫው ዕድሜ ከግማሽ በታች ይወርዳል (1.1ን ስምንት ጊዜ በራሱ አባዢው፣ 2.14 ይመጣል)። እና ምን ይሻላል? ቀስ ብለሽ ቆርጠሽ ማሽኑን ረጅም ሰዓት መያዝ? ወይስ ፈጥነሽ ቆርጠሽ በየጊዜው መቁረጫ ለመቀየር ማቆም? መሐል ላይ ወጪው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ፣ እሱን የምታገኚው በዲፈረንሺየሽን ነው። ያቺው የአንደኛ ዓመት ካልኩለስ።

ስታቲስቲክሱን ደግሞ ተይው። አንድ ማሽን ሲሠራ 99.73 በመቶው ልክ ነው ቢሉሽ በቂ ይመስላል አይደል? ማሽኑ የሚያወጣቸው 100 ክፍሎች አንድ ላይ ተገጣጥመው አንድ ዕቃ የሚሆኑ ከሆነ ግን ከአራት ዕቃ አንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ የተበላሸ ክፍል ይዞ ይወጣል። 0.9973ን መቶ ጊዜ በራሱ አባዥና እይው። እኔ ይህን ሳይገባኝ ነው ፈረቃ የተረከብኩት፣ መጀመሪያ አካባቢ በየቀኑ የመገጣጠሚያ ክፍሉ ሰዎች ሲጮሁብኝ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው» እል ነበር።

ጋሼ_ሞርሳ፦

ሁላችሁም ጥሩ አወራችሁ፣ የልጅቷን ዘንግ ግን አንዳችሁም አላነሳችሁትም።

ልጄ፣ እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ተማሪ ሳሠለጥን ፀጉሬ ሸበተ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘንጉን ከቶርኖው ስትፈቺው አቃጥሎሽ ነበር? ማቀዝቀዣ ፈሳሽስ ነበር ወይስ በደረቁ ነው የቆረጥሽው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ ሚሊዮን ውስጥ 12 እጅ ያህል ይለጠጣል። ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው። በደረቅ ሲቆረጥ ዘንጉ ከክፍሉ ሙቀት በላይ 40 ዲግሪ ሞቆ ከነበረ፣ 50 ሚሊሜትር ላይ 24 ማይክሮን (0.024 ሚሊሜትር) ያህል አብጧል ማለት ነው። የተፈቀደልሽ ጠቅላላ ቶለራንስ ስንት ነበር? 25 ማይክሮን! ትኩስ እያለ የለካሽው ልክ ነው፣ አስተማሪሽ ቀዝቅዞ የለካውም ልክ ነው። ሌሊቱን ዘንጉ ወደ ራሱ ተሰብስቦ አደረ። ለዚህ ነው የልኬት ስታንዳርዱ 20 ዲግሪ ላይ ነው የሚባለው፣ ድሮዊንግ ላይ ያለ ቁጥር ሁሉ 20 ዲግሪ ላይ እንዳለ ተደርጎ ነው የሚነበበው።

እጅሽ ጥፋት የለበትም። ያመለጠሽ የምትወጂው ሙቀት ነው፣ ክፍል ውስጥ ስታገኚው ታውቂዋለሽ፣ ቶርኖ ላይ መጥቶ ሲቆም ግን አላወቅሽውም። መንገር የነበረበት ያሳቀብሽ ሰው ነው፣ እሱን ለራሱ ልተወው።

ስለ እጅ ደግሞ፣ ሊማ (ሞረድ) መያዝ በልምድ ነው። አንድ ሴሚስተር በየሳምንቱ ብትገቢ እጅሽ ይላመዳል። እኔ ብረት ቀጥ አድርጎ መሞረድ ያቃተው ተማሪ ዲግሪውን ሲጭን አይቻለሁ፣ ቴርሞ ጠልቶ የጨረሰ ግን ብዙ አላየሁም።

ግራ_የገባት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንጀቴን ነው ያራሱት። አዎ፣ በደረቁ ነበር የቆረጥነው፣ ስፈታው በጨርቅ ነው የያዝኩት! ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ ከ49.990 ላይ 0.024 ሲቀነስ 49.966፣ የኛ ማይክሮሜትር ደግሞ እስከ መቶኛ ብቻ ነው የሚያነበው፣ 49.97 ይላል። ያው ነው! ለአስተማሪው ወረቀቱን አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና «ሐሙስ እንደገና አውጪው» አለኝ። ይቅርታ አላለኝም፣ ምን ቸገረኝ።

አልሙኒየም ቢሆን ኖሮስ?

ምርጫውን ገና አልወሰንኩም። ኩሽኔታ፣ ማይክሮን፣ የፈረቃ ኃላፊ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ማኑፋክቸሪንግን ቀደም አድርጌ ልሞላ ነው መሰለኝ፣ ግን ሙቀት ዝውውርን እንደ ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ክፍሉን እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ማይክሮን፦

ብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ካልፈቀዱ ሌክቸሩን ገብተሽ ተቀመጪ፣ ማን ያስወጣሻል። ደግሞ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን እዛ ላይ አድርጊው፣ የብየዳ ሙቀት፣ የቅርጽ ማውጫ ውስጥ ብረት ሲቀዘቅዝ፣ የመቁረጫ ጫፍ ሙቀት፣ የፈለግሽውን። እኔ ያንን ሳላውቅ ነው የመጋዘን ፕሮጀክት የሠራሁት።

ጋሼ_ሞርሳ፦

አልሙኒየም ቢሆን እጥፍ ገደማ ነው፣ በዲግሪ ከሚሊዮን 23 እጅ።

ሐሙስ እንዲህ አድርጊ። ሻካራውን ቆርጠሽ ስትጨርሺ ግማሽ ሚሊሜትር አስቀሪና ማሽኑን አጥፊው። ዘንጉ በእጅሽ ስትነኪው ከማሽኑ አልጋ (ከመሠረቱ) ብረት ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ አትቸኩይ፣ ማንም ቢስቅ። ከዚያ የመጨረሻውን ቀጭን ቆረጣ በፈሳሽ ጨርሺው። ማይክሮሜትሩንም ከመለካትሽ በፊት ዜሮውን እይው፣ በመዳፍሽ ጨብጠሽም አትያዢው፣ እሱም ይሞቃል።