ሰርግ ላይ እየተዘዋወሩ በእጅ ለማንሳት የትኛው ፍላሽ ይሻላል?

ሌንስ35፦

ጤና ይስጥልኝ። ካሜራዬ ካነን 5ዲ ማርክ 3 ነው፤ 35 ሚሜ እና 24-70 ኤፍ/2.8 ሌንሶች አሉኝ። ሥራው ሰርግ፣ መልስና ልደት ነው። የምፈልገው ሰዎች ለካሜራ ተሰልፈው ሳይሆን እየሳቁ፣ እየተጎራረሱ፣ እየጨፈሩ ሳሉ ማንሳት ነው። መብራት የሚይዝ ረዳት የለኝም፤ ፍላሹ ካሜራው ላይ እንዳለ ነው የምዞረው።

ከዱባይ የሚመጣ ሰው ስላለ አንድ ፍላሽ ላስመጣ ነው። ጎዶክስ ቪ1፣ ጎዶክስ ቲቲ685 ሁለተኛው፣ ትንሹ ቲቲ350 ወይስ ያገለገለ ካነን 600ኢኤክስ-አርቲ?

ሌላው ጥያቄ፦ በቲቲኤል (ካሜራው የፍላሹን አቅም ራሱ ሲወስን) ሲነሳ የሀበሻ ቀሚስ የለበሱት ፊታቸው ይጠቁራል፤ ጥቁር ሱፍ የለበሱት ደግሞ ፊታቸው ይነጣል። ይህ የፍላሹ ችግር ነው ወይስ የአጠቃቀም? ታናሽ ወንድማችሁን እርዱኝ።

ኮርኒስ፦

ወንድሜ፣ ትንሹን ከዝርዝርህ ሰርዘው። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ጋይድ ነምበር (የፍላሹን ጉልበት የሚያሳየው ቁጥር) 60 የፍላሹ ጭንቅላት እስከ 200 ሚሜ ሲጠብ የሚገኝ ነው። በ35 ሚሜ የካነን 600ኢኤክስ ቁጥር ወደ 36 ይወርዳል። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ላይ ይህ በ4 ተባዝቶ 144 ይሆናል። ብርሃኑ ኮርኒስ መትቶ ሲመለስ ከ2 እስከ 3 ስቶፕ ይጠፋል (አንድ ስቶፕ ሲጠፋ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)፤ በ3 ብናሰላው 51 ገደማ ይቀራል። ኮርኒሱ 4 ሜትር ከሆነ ከፍላሹ እስከ ኮርኒስ፣ ከኮርኒስ እስከ ፊት ያለው መንገድ ወደ 6 ሜትር ነው፤ የሌንሱ መክፈቻ ኤፍ/4 ሲሆን የሚያስፈልግህ 6 በ4 ተባዝቶ 24 ብቻ ነው። ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ስለሆነ ትልቁ ፍላሽ በሩብ አቅሙ ይበቃዋል፣ ቶሎም ይሞላል። ቲቲ350 ግን ጋይድ ነምበሩ 36 ነው፣ ያውም በ105 ሚሜ። እዚያው ቦታ ላይ ከግማሽ አቅሙ በላይ እያወጣ፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ እስኪሞላ ትጠብቀዋለህ። እስኪሞላ ድረስ ሳቁ ያልፍሃል።

ከቀሩት ውስጥ የሊትየም ባትሪ ያለውን እመርጣለሁ። ቪ1 በሙሉ አቅም ወደ 480 ጊዜ ይተኩሳል፣ ለመሙላትም 1.5 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። በዝርዝርህ ያላስገባኸው ቪ860 ሦስተኛውም ባትሪው ያው ነው፣ አቅሙም ያው፤ ልዩነቱ ጭንቅላቱ አራት ማዕዘን መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል። ስለ ክብ ጭንቅላት ብዙ ይወራል፤ ፍላሹን ወደ ኮርኒስ ወይም ወደ ግድግዳ ካዞርከው ግን ብርሃን የሚሰጥህ ግድግዳው ነው፣ የጭንቅላቱ ቅርጽ ፊት ላይ አይታይም። የዋጋውን ልዩነት ሁለተኛ ባትሪ ግዛበት።

ቲቲ685ም ሆነ 600ኢኤክስ-አርቲ ከወሰድክ አራት አራት ድንጋይ ይበላሉ። ተራ አልካላይን አትጠቀም፤ የውስጥ መቋቋሙ ከፍተኛ ስለሆነ ትንሽ ከሠራ በኋላ መሙላቱ ይንቀራፈፋል። እንደ ኤነሉፕ ያለ የሚሞላ ድንጋይ 12 ያዝ፣ አራት አራቱን ለይተህ ምልክት አድርግባቸው፤ የተቀላቀለ ስብስብ በደካማው ድንጋይ ልክ ነው የሚሠራው። ደግሞ የካነኑ ሬዲዮ ከጎዶክስ ጋር አይነጋገርም። በኋላ ሁለተኛ ፍላሽ ብትጨምር ይህን አስብ።

ሲያመጡልህ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል አስመልክት፦ ሲ ለካነን፣ ኤን ለኒኮን፣ ኤስ ለሶኒ። የሌላ ካሜራ ከመጣ ቲቲኤሉ አይሠራልህም። ትርፍ የሊትየም ባትሪም በአውሮፕላን የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ለሚያመጣው ሰው ቀድመህ ንገረው።

ጥለት፦

ፍላሹን አትውቀሰው። ቲቲኤል ከፎቶው በፊት ደካማ ብልጭታ ይልክና የተመለሰውን ብርሃን ይለካል። የሚያሰላው ሁሉንም ነገር መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው። ቀሚሱና ነጠላው ፍሬሙን ሲሞሉት ብዙ ብርሃን ስለሚመለስ «በቃኝ» ብሎ ይቆርጣል፣ ፊት ይጠቁራል። ሱፍ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው። የኛ ሰርግ ላይ ይህ በሁለት እርምጃ ልዩነት ይለዋወጣል፤ ሙሽሪትን አንስተህ ወደ ሚዜዎቹ ስትዞር ካሜራው ሐሳቡን ቀይሯል።

በፍላሽ ማካካሻ (ቲቲኤል የመረጠውን አቅም ከፍ ዝቅ በሚያደርገው) ነጭ ሲበዛ ከ+2/3 እስከ +1 1/3፣ ጥቁር ሲበዛ ወደ -2/3 ማድረግ ይቻላል። በፍጥነት ለሚለዋወጥ ቦታ ግን አይመችም። በ5ዲ ማርክ 3 ላይ ኤም-ኤፍኤን የሚለው ቁልፍ ፍላሹን መሃል ባለው ነጥብ ለክቶ ይቆልፍልሃል፤ ፊት ላይ አድርገህ ትጫናለህ። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚወጣው ብልጭታ ሰውን ያነቃል፣ ዓይን ያስጨፍናል። ንግግር ለሚያደርግ ሰው ጥሩ ነው፤ ሳያውቁ ለማንሳት አይሆንም።

ስለዚህ ማኑዋል ተጠቀም፤ የፍላሹን አቅም ራስህ ወስን። ብዙዎች «ሰው ይርቃል፣ ይቀርባል፣ ማኑዋል እንዴት ይሆናል?» ብለው ይፈሩታል። ፍላሹን ቀጥታ ከላክህ ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ከ1.5 ወደ 3 ሜትር ስትርቅ 2 ስቶፕ ታጣለህ። ባውንስ ሲሆን፣ ማለትም ኮርኒስ መትቶ ሲመለስ ግን ብርሃኑ መጀመሪያውንም 6 ሜትር ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ አንድ እርምጃ መቅረብህና መራቅህ ብዙ አይለውጠውም። አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ/4፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/100፣ ፍላሹ በ1/4 አቅም። አንድ ፊት ላይ ሞክረህ አስተካክል፤ ከዚያ ኮርኒሱ እስካልተለወጠ ድረስ አትንካው። የምታስተካክለው ፊቱን አይተህ ይሁን፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ላይ ደግሞ ነጩ ጨርቅ ጠርዙን እንዳይነካ። የሽመናው መስመር ከጠፋ በኋላ ራው በሚባለው ያልተቀነባበረ ፋይልም አይመለስም።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቀጥታ ፍላሽ ግንባርና አፍንጫ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ይተክላል። ከሰፊ ግድግዳ የሚመጣ ብርሃን ግን ጉንጩን ተከትሎ ሰፋ ብሎ ያበራል፣ ፊቱ ቅርጹን ያገኛል። ለዚህ ስል ነው ወደ ኮርኒስ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን ግድግዳ አዙር የምለው። የዓይን ጉድጓድም አይጨልምም። ጎንህ ያለ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ፎም ቁረጥና በፀጉር ላስቲክ ጭንቅላቱ ላይ እሰረው።

ሌንስ35፦

እግዜር ይስጥልኝ። ኮርኒሱ 8 ሜትር የሆነ፣ ወይም ጥቁር የተቀባ አዳራሽ ላይስ? ድንኳን ላይስ?

ኮርኒስ፦

8 ሜትር ላይ መንገዱ ወደ 13 ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ሂሳብ ሙሉ አቅሙን ይጠይቅሃል። በተከታታይ ሙሉ አቅም ሲተኮስ ደግሞ ሙቀት መከላከያው ፍላሹን ያዘገየዋል። አይኤስኦውን 3200፣ ሌንሱን ኤፍ/2.8 አድርግ፤ 1/4 ይበቃሃል። ጥቁር ኮርኒስ ምንም አይመልስምና የቅርብ ግድግዳ ፈልግ፤ ከሌለ ቀጥታ፣ በትንሽ አቅም፣ የአዳራሹን መብራት ለማገዝ ብቻ። ፍላሹ ላይ የሚደረገው ነጩ የፕላስቲክ ክዳን ግድግዳ በሌለበት ብርሃን ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም።

ነጭ ድንኳን ከሁሉም ይሻላል፣ ዝቅተኛም ነው። ባለ ቀለም መስመር ከሆነ ቀለሙን ፊት ላይ ይጥላል፤ ነጩን ክፍል ፈልገህ ምታ።

ጥለት፦

ስለ ጭፈራ ልጨምር። የመዝጊያ ፍጥነቱን ከ1/200 በላይ አታውጣ፤ ከዚያ በላይ ለማንሳት የሚያስችለው ሃይ ስፒድ ሲንክ ከበራ የፍላሹ አቅም ቢያንስ 2 ስቶፕ ይወርዳል፣ አዳራሽ ውስጥ አያስፈልግም። እስክስታ ላይ የትከሻው እንቅስቃሴ እንዲታይ ከፈለግህ 1/30 እና ሁለተኛው መጋረጃ (መዝጊያው ሊዘጋ ሲል ፍላሹ የሚተኮስበት)። ያን ጊዜ ዱካው ከኋላ ይቀራል፣ ፊቱ ጥርት ይላል።

የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ካለ 1/100 ወይም 1/50 ላይ መሆን ጥቁር መስመር ይቀንሳል። አምፖሉ ቢጫ ከሆነ ፍላሹ ላይ ግማሽ ሲቲኦ ጄል (ብርሃኑን ወደ ብርቱካን የሚቀይር ባለ ቀለም ላስቲክ) አድርግና ነጭ ሚዛኑን 4000 ኬልቪን አካባቢ አስቀምጥ፤ ካልሆነ ፊቱ ሰማያዊ፣ ከጀርባው ብርቱካን ይሆናል።

ከቪዲዮ ባለሙያው ጋርም ቀድመህ ተነጋገር። የፍላሽ ብልጭታ የሱን ፍሬም ግማሹን ያነጣዋል። ቀለበት ሲያስሩና ኬክ ሲቆርሱ መብራቱ ከበቃ አንተ ፍላሽህን አጥፋ፣ በሱ መብራት በአይኤስኦ 3200 አንሳ።