ዳገት ላይ ሲያድር የማይነሣ አሮጌ ቱርቦ ናፍጣ፤ ጥፋቱ የቱርቦው ነው?

ጥያቄ፣ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1997 ሥሪት ቶዮታ ፕራዶ ስትሆን፣ ሞተሯ ባለ 3 ሊትሩ 1ኬዜድ ቲኢ ቱርቦ ናፍጣ ነው። ላለፉት አራት ወራት ጠዋት ጠዋት ለመነሣት እጅግ ታስቸግረኛለች። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ሞተሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው በሦስተኛው ሙከራ ሲሆን፣ በተነሣ ጊዜ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህልም እንደ ወፍጮ ቤት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በኋላ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልረግጥ የሚዞርበት ፍጥነት) አይረጋም፤ መርፌው ከ600 ወደ 900 ዙር እየወጣ ይመለሳል።

ቤቴ ወደ ቦኩ በሚወጣው ዳገታማ ሰፈር ነው። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ ካሳደርኳት ችግሩ ይብሳል፤ ሜዳ ላይ ያደረች ቀን ግን አንዳንዴ ምንም እንዳልነበረ በአንዴ ትነሣለች። ሌላው ግራ የገባኝ ነገር፣ በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ስመለስ ሞጆ ወርጄ ቡና እስክጠጣ አጥፍቻት ከቆየሁ፣ ሞተሩ ካልበረደ በቀር አትነሣም። ባትሪው አዲስ ነው። ዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ ያስለወጥኩት ከአራት ወር በፊት ነው። አንድ መካኒክ «ቱርቦው አልቋል፣ ይቀየር» ብሎኛል። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ወደ ወጪው ከመግባቴ በፊት ይህን ሞተር የምታውቁ ምክራችሁን ብትለግሱኝ።

መልስ 1

ወንድሜ፣ ቱርቦውን አያስፈቱ። ቱርቦ የሚሽከረከረው በማርሚታ በኩል በሚወጣው የተቃጠለ ጋዝ ነው። ሞተሩ ገና በሞተሪኖ እየዞረ ሳለም ሆነ በሚኒሞ ሲሠራ ይህ ጋዝ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ቱርቦው ወደ ሲሊንደሮቹ ገፍቶ የሚያስገባው አየር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያለቀ ቱርቦ ዳገት ላይ ጉልበት ያሳጣል፣ ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስም ያመጣል እንጂ ጠዋት መነሣትን አይከለክልም። ለልብዎ እርግጠኝነት ከፈለጉ ሞተሩ በርዶ ሳለ ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚገባውን ቱቦ ይፍቱና ዘንጉን በጣትዎ ይነቅንቁት። ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን መላወስ የለበትም፣ ክንፉም ቤቱን መንካት የለበትም። ቱቦውን ሲመልሱ ፋሼታውን በሚገባ ያጥብቁት፤ በዚያ በኩል የሚገባ የአዳማ አቧራ ቱርቦ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

እኔን የሳበኝ፣ ሳያስቡት በመካከል ያስቀመጧት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ፊልትሮው ከተለወጠ አራት ወር፣ ችግሩም ከጀመረ አራት ወር። የዚህ ሞተር ፖምፓ ናፍጣውን ከኋላ ካለው ታንከር ራሱ ስቦ የሚያመጣ ነው፤ ታንከሩ ውስጥ ወደ ፊት የሚገፋለት የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለም። በመሆኑም በመስመሩ ላይ የላላ ነገር ካለ፣ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ ከመንጠብጠብ ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ብዙ ባለመኪና «ምንም አያፈስም፣ ደረቅ ነው» እያለ የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሊት ሞተሩ ሲቆም ደግሞ በዚያው ቀዳዳ አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለሳል፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ከሆነ መመለሱ ይቀለዋል። የዳገቱና የሜዳው ልዩነት ይህንኑ ነው የሚናገረው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ያለውን ቱቦ አውጥተው ልኩ የሆነ፣ ናፍጣ የሚችል ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይተኩበትና ሞተሩን አስነሥተው ይመልከቱ። ሁለት ሦስት ጥቃቅን አረፋ ሲያልፍ አያስደነግጥም፤ አረፋው ሳይቋረጥ የሚከታተል ከሆነ ግን ሌባውን አግኝተዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለው በእጅ የሚጫነው ፖምፓ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የፊልትሮው ኦሪንግ (አየር እንዳያስገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ነው፤ ሲለወጥ ተጠማዝዞ ወይም አሮጌው ሳይወጣ በላዩ አዲስ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚረጩት ኢንጄክተሮች ላይ ያሉት ቀጫጭን የመመለሻ ጎማዎች ናቸው። ለነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሙከራ ይያዙ፤ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት የእጅ ፖምፓውን እስኪጠነክር ድረስ ይጫኑት። እንዲያ አድርገው በአንዴ ከተነሣች ነገሩ አለቀ፣ አየር ነው።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ሞተሩ ሲነሣ ውስጡን በኤሌክትሪክ የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎችንም አልለቃቸውም። ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ማለት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣው ገብቷል፣ ሙቀቱ ግን አልበቃውም። «አዳማ ሞቃት አገር ነው፣ ካንዴሌታ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ አይስሙት። ይህ ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን በቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ በሚከድነው የሞተሩ ራስ) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ የዚች ክፍል ግድግዳ የታመቀውን አየር ሙቀት ስለሚሻማ፣ ቅዝቃዜ ባይኖርም የካንዴሌታ እርዳታ ያስፈልገዋል። ከተማችን ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 82 እና 83 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ የሚያምቀው አየር በዚያው ልክ ያነሰ ነው።

አራቱን ካንዴሌታዎች የሚያያይዘውን ብረት ይፍቱና የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴሌታ ጫፍ ጋር ያገናኙ። አምፖሉ የበራበት ደኅና ነው ሊባል ይችላል፤ ያልበራበት ግን በእርግጥ ተቃጥሏል። ሲገዙ በመልክ ብቻ አይግዙ፤ ቮልታቸው ስለሚለያይ የአሮጌውን ጽሑፍ አንብበው ያመሳስሉ።

ሌላው የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ «ሞቅ ብያለሁ» እያለ ለኮምፒውተሩ የሚዋሽ ከሆነ፣ ካንዴሌታው የሚቆይበት ጊዜም ያጥራል፣ ሚኒሞውም ከሚገባው በታች ይወርዳል። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ኮፈን ሥር ባለው መመርመሪያ ሳጥን ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝተው ቁልፉን ሲከፍቱ፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለው የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥር ይቆጥርልዎታል፤ 22 ከቆጠረ ጥቆማው ወደዚሁ ሴንሰር ነው። ቀዳዳዎቹን ከክዳኑ ላይ ሁለት ጊዜ ሳያነቡ ሽቦ አይክተቱ።

መልስ 3

ሁለቱም ስለ ጠዋቱ ተናገሩ፤ የሞጆው ነገር ግን ሌላ በሽታ ይመስለኛል። ሞተሩ ግሎ ሲቆም ፖምፓው ውስጥ ያለው ናፍጣ ይሞቅና ይቀጥናል። የፖምፓው የውስጥ አካል በዕድሜ ብዛት ከተበላ፣ ወይም መጠኑን የሚቆጣጠረው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ በደንብ የማይዘጋ ከሆነ፣ ቀጭኑ ናፍጣ በመካከል ይሾልካል፤ ሞተሪኖው በዝግታ ሲያዞር ኢንጄክተሩን የሚከፍት ግፊት አይገኝም። በእኔ መኪና ላይ ይህንኑ ያወቅኩት በእርጥብ ጆንያ ነው። አልነሣ ሲል ጆንያውን በውሃ ነክሬ ፖምፓው ላይ አለበስኩት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። እርስዎም ይሞክሩት፤ ነገር ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱበት፤ ቤቱ ድንገት ሲኮማተር የውስጡን ሊያንቀው ይችላል። ከዚያ በፊት ግን በጋለ ጊዜ ሞተሪኖው ፍጥነቱን አለመቀነሱን በቴስተር ይለኩ፤ እያዞረ ሳለ ባትሪው ላይ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ በፖምፓው አይፍረዱ።

ፖምፓው መሆኑ ከተረጋገጠ ጋራዥ በር ላይ የሚፈታ ነገር አይደለም፤ መለኪያ ማሽን ያለው የፖምፓ ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት። ናፍጣ በጠፋበት ሰሞን ከጀሪካን ቀድተው ከሆነም የፊልትሮውን ሥር ከፍተው ውሃውን ያፍስሱ፤ ፖምፓን እንደ ውሃ የሚበላው የለም።

ጠያቂው ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ጠዋት የእጅ ፖምፓውን ሃያ ጊዜ ያህል ተጭኜ ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሣች፤ ባለቤቴ እንኳ በመስኮት ብቅ ብላ «ዛሬ ምን ሆነች?» አለችኝ። ብርሃን አስተላላፊውን ቱቦ ስናስገባ አረፋው እንደ አምቦ ውሃ ይፈላ ነበር። ፊልትሮው ሲፈታ እንደተባለው ሁለት ኦሪንግ ተደራርቦ ተገኘ፤ አሮጌው ጠፍጥፎ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ስለነበር ለማውጣት በቀጭን ካቻቪቴ መፋቅ አስፈልጎናል። አንዱን አስቀርተን ስፑርጎ ካደረግን (አየሩን ከመስመሩ ካስወጣን) በኋላ ሚኒሞው 750 ላይ ረጋ። ከአራቱ ካንዴሌታዎች ሁለቱ አምፖል አላበሩም፤ አራቱንም ለወጥኳቸው፣ ነጭ ጭሱም ጠፋ። ቱርቦውን በጣቴ ነቅንቄው ወደ ጎን ብቻ ጥቂት ይላወሳል፤ አልነካሁትም።

የሞጆው ችግር ግን እንዳለ ነው። ትናንት ሞተሪኖው ሲያዞር ባትሪው 10.4 ቮልት ያሳይ ነበር፤ እርጥብ ጨርቅ ካለበስኩት ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ተነሣች። ፖምፓውን ሳስወርድ ጥርስ ያለው ቺንጊያ አብሮ ስለሚፈታ፣ የተለወጠበትን ኪሎ ሜትርም ስለማላውቅ፣ እግረ መንገዴን እሱንም ለመለወጥ አስቤያለሁ።

መልስ 3፣ በድጋሚ

ቺንጊያውን መለወጥዎ መልካም ነው፤ ሲለወጥ ማጥበቂያው ተሽከርካሪም አብሮ ይለወጥ። ፖምፓው ከመውረዱ በፊት የቆመበትን ቦታ ከሞተሩ ብረት ጋር በቀጭን መስመር ያስምልክቱት፤ ሲመለስ በዚያው ምልክት ላይ ካልተቀመጠ የመርጫ ሰዓቱ ይዛባና ሞተሩ እንደገና ነጭ ጭስ መጣል ይጀምራል።